እንግዳችሁን ይዛችሁ ከሁሩታ ስትወጡ

አርሲ የባዕድ አገር ሰው በቤቱ አሳድሮ ያውቃል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ1967 ጀምሮ «ካዱ» ብለን የምንጠራው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አሰላን ማዕከሉ አድርጎ ሲሠራ፣ ስዊድናውያን ባለሙያዎች ከገበሬው ጋር ማሳ ለማሳ ዞረዋል። የአሜሪካው የሰላም ጓድም በ1962 የመጀመሪያዎቹን መምህራን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ፣ በአብዮቱ ዘመን ወጥቶ፣ በ2007 ዳግም ከተመለሰ በኋላ አዳዲስ ሠልጣኞቹን በአሰላ ዙሪያ ባሉ ከተሞች በየቤተሰቡ አስቀምጧል። ሁሩታም ከእነዚህ ከተሞች አንዷ ነበረች። እንግዳዋ ሻንጣዋን ይዛ ትመጣለች፣ አንድ ክፍል ይለቀቅላታል፣ ቀን ቋንቋ ስትማር ውላ ማታ ከቤተሰቡ ጋር እራት ትበላለች። ሳምንቱ አልቆ የመጀመሪያው የዕረፍት ቀን ሲመጣ ቤተሰቡ «ዛሬ የት እንውሰዳት?» ማለቱ አይቀርም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ ነው።

እንግዳችሁ በበጎ ፈቃደኞች ድርጅት በኩል የመጣች ትሁን፣ ለትምህርት ልውውጥ የመጣች ተማሪ ትሁን፣ ወይም ስቶክሆልም ተወልዳ የአያቷን አገር ልታይ የመጣች የእኅታችሁ ልጅ ትሁን፣ ምክሩ አንድ ነው። ለአጻጻፍ እንዲመቸኝ በሴት ጾታ እጠራታለሁ፤ ወንድ ቢሆንም የሚለወጠው ጥቂት ነው።

ወደ ዝግጅቱ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልበል። እኛ እንግዳ ስናከብር እናስቀምጣለን። ወንበር ስበን እናስቀምጣታለን፣ ሳህኗ ሳይጎድል እንሞላላታለን፣ ዕቃ ልታነሳ ስትል «ኧረ ተይው!» ብለን ከእጇ እንነጥቃታለን። ለሁለት ቀን እንግዳ ይህ ደግ ነው። ሁለት ወር አብራችሁ ለምትኖር ልጅ ግን ከቤቱ ሥራ ባስወጣችኋት ቁጥር ከቤቱ ሰውነትም እያስወጣችኋት ነው። አብሮ የሚኬድበት ቀን ይህን ለመለወጥ የተመቸ ነው፤ መንገድ ላይ ሁሉም ይደክመዋል፣ ሁሉም ይሸከማል፣ ሁሉም ይጠማዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች በምዘረዝረው በእያንዳንዱ ነገር ውስጥ ለእሷም ድርሻ ፈልጉላት።

መንገዱን መምረጥ

ሁሩታ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በስተደቡብ የገለማና የበዳ ተራሮች አሉ፣ ወደ አሰላ በኩል ደግሞ ጭላሎ። እንግዶች ተራራ ሲያዩ ዓይናቸው ጫፉ ላይ ነው፣ እኛም ልናስደስታቸው ስንል «እንወስድሻለን» እንላለን። ጭላሎ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። አሰላ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ከዚያ እስከ ጫፉ ያለው ሽቅብ ብቻ ከ1,500 ሜትር ይበልጣል። ለሠለጠነ እግር ረጅም ቀን ነው፤ አያት፣ ሕፃንና ጀበና ይዞ ለሚወጣ ቤተሰብ ፈጽሞ አይሆንም። እነዚህ ከፍታዎች በ2011 በተቋቋመው የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የተካተቱ ናቸው። አስታውና ጅብራው፣ ደጋ አጋዘኑና ቀይ ቀበሮው እዚያ ነው ያለው። እንግዳችሁ ይህን ማየት ከፈለገች ሌላ ጊዜ፣ አካባቢውን ከሚያውቅ መሪ ጋር፣ አሰላ አድራችሁና ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ ትሄዳላችሁ።

ለመጀመሪያው ጉዞ እኔ የምመክረው ከቤታችሁ ደጃፍ የሚነሳውን መንገድ ነው። መኪና የሌለበት፣ በስንዴና በገብስ ማሳ መካከል አልፎ ወደ አንድ ኮረብታ ወይም ወንዝ የሚወስድ፣ ግማሽ ቀን የሚፈጅ መንገድ። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ በሚኒባስ ርቃችሁ የምታሳይዋት ፏፏቴ ለአንድ ቀን ያስደስታታል፣ ከደጃፋችሁ የሚነሳውን መንገድ ግን በማግስቱ ብቻዋን ልትሄድበት ትችላለች። መንገድ ላይ ያስተዋወቃችኋቸውን ሰዎች በስማቸው ሰላም ትላለች። ወፍጮ ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የአጎታችሁን ግቢ ታውቃለች። ከተማው ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷም ይሆናል።

ርቀቱን ስትነግሯት እውነቱን ንገሯት። «እዚህ ጋ ናት» ብለን ሁለት ሰዓት የምናስኬድ ሰዎች ነን። ለእኛ ያደግንበት መንገድ አጭር ነው፤ አገሯ ከባሕር ዳርቻ ለሆነች ልጅ ግን በዚህ ከፍታ የመጀመሪያው ዳገት ትንፋሽ ይቆርጣል። ለስሌት የሚረዳ አንድ የቆየ ዘዴ አለ። ዊሊያም ኔይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 እንዳስቀመጠው፣ አንድ ጤነኛ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ አንድ ሰዓት ይጨመራል። ያ የጎልማሳ ተጓዥ ስሌት ነው። ልጆችና እናቶች ካሉበት፣ በየመንገዱም ቆሞ ሰላምታ መለዋወጥ ካለ፣ ያገኛችሁትን ሰዓት እጥፍ አድርጉት። ሰላምታው እንዲያጥር አልመክርም፤ የቀኑ ግማሽ ጥቅም እሱ ነው።

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው፤ ሰማዩ የጠራ፣ መንገዱ ደረቅ፣ ማሳው መጀመሪያ ቢጫ ኋላም አጨዳ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ኮምባይነር ማሳ ሲገባ ካጋጠማችሁ ቆማችሁ አሳይዋት፤ ስንዴ ለአርሲ ምን እንደሆነ ከዚያ የተሻለ የሚያስረዳ ነገር የለም። ክረምት ላይ የመጣች እንግዳ ከሆነች ግን የዋልካው ጭቃ ከጫማዋ ሥር እየተጠቀለለ እግሯን ስለሚያከብድባት መንገዱን አሳጥሩት፣ ዝናቡም ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ በጠዋት ወጥታችሁ ለምሳ ሰዓት ለመመለስ አስቡ።

ቀኑንና ሰዓቱን መቁረጥ

ቤታችሁ የሚጾም ከሆነ ረቡዕና ዓርብን፣ የፍልሰታንና የሁዳዴን ወራት አስቡ። በረመዳን ደግሞ ቀን ሙሉ የሚያስኬድ መንገድ ለጿሚው ፈተና ነው፤ አጭር አድርጋችሁ ለማፍጠሪያ ሰዓት ቤት መድረስ ይሻላል። በአርሲ ብዙ ጊዜ አንዱ ጎረቤት ሙስሊም ሌላው ክርስቲያን ስለሆነ፣ ጎረቤት አብሮ የሚመጣ ከሆነ የሁለቱንም ቀን ጠይቁ። እንግዳችሁ ሥጋ የማትበላ ከሆነች ደግሞ የጾም ቀን ለእሷ ድግስ ነውና አትጨነቁ።

ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ንገሯት። «ነገ በ1 ሰዓት እንነሳለን» ስትሏት እሷ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን 1 ሰዓት ልትረዳ ትችላለች፣ ወይም ከምሳ በኋላ ያለውን። «ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ በእናንተ 7 ሰዓት» በሉና ወረቀት ላይ ጻፉላት። ጠዋት በር ላይ ሲጠብቁ ከመቆየትና አንዱ ሌላውን ከማስከፋት ያድናል።

ከዚያ የላካትን ድርጅት ደንብ ጠይቋት። ብዙዎቹ ከከተማው ስትወጣ አስቀድማ እንድታሳውቅ ያስገድዷታል፣ ሞተር ሳይክል ላይ እንዳትሳፈር የሚከለክሏትም አሉ። «አንድ ጊዜ ምን ይሆናል?» ብላችሁ አታግባቧት፤ እምቢ ብትል ትሸማቀቃለች፣ እሺ ብትል ሥራዋን ልታጣ ትችላለች። መመለሻው ከራቃችሁ ጋሪ አለ። አርሲ ፈረስ የሚያውቅ አገር ነውና የጋሪ መንገድ ራሱ ለእሷ አንድ ጨዋታ ነው።

ስንቅ

እዚህ ላይ እናቶች ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ እኔ የማክለው ከእንግዳው በኩል ያለውን ነው።

ወጥና እንጀራ ለየብቻ ይዞ መሄድ ይፈስሳል፣ ይቀዘቅዛል። በምሳ ዕቃ የተጠቀጠቀ ደረቅ ፍርፍር፣ ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል፣ ሚጥሚጣ በትንሽ ወረቀት፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝና ብርቱካን ይበቃል። ከሁሉ በላይ ግን ጩኮ ያዙ። የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚሠራው ጩኮ የአርሲና የባሌ መንገደኛ ሲቋጥረው የኖረ ስንቅ ነው፤ አይበላሽም፣ ቦታ አይፈጅም፣ በትንሹ ያጠግባል። በጾም ቀን በሶ ይተካዋል። ጩኮውን ስታሹ ልጅቷን ጥሯትና እጇን ታስገባ። ከዋዜማው ማታ ወጥ ቤት የገባች እንግዳ በማግስቱ መንገድ ላይ ስንቁን ስታወጣ የምታወጣው የራሷን ሥራ ነው፣ ለምታገኙትም ሰው ሁሉ «እኔ ነኝ የሠራሁት» ማለቷ አይቀርም።

ጥሬ ወተት፣ ያልፈላ እርጎና ጥሬ ሥጋ ለእሷ አትያዙ። የእናንተ ሆድ ለምዶት ይሆናል፤ የእሷ ገና አዲስ ነው። ጉርሻ መስጠት ደስ ይላል፣ እሷም ትወደዋለች፣ ግን እጅ በሳሙና መታጠቡን እሷ እያየች አድርጉት። ሦስተኛውን ጉርሻ ስትመልስ «በሞቴ» አትበሏት። ዳገት ላይ በጠገበ ሆድ መውጣት ለማንም አይበጅም።

የውሃው ነገር ቁም ነገር አለው። ለአንድ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል አስቡ። የታሸገ ውሃ ከሱቅ መግዛት ይቻላል፤ ካልሆነ ግን ዋዜማውን አፍልታችሁ አቀዝቅዙ። ውሃ ከፍታ ላይ በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው፤ በሁሩታ ከፍታ ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ ይንተከተካል። ስለዚህ በቆላ አንድ ደቂቃ የሚበቃው ማፍላት፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን ሦስት ደቂቃ እንዲንፈቀፈቅ ይመከራል። ሦስት ደቂቃ ከሰል ብዙ አይጨርስም።

በአንድ ትንሽ ቦርሳ ሳሙና፣ ፋሻና ፕላስተር፣ የሽንት ቤት ወረቀት፣ ስኳርና ጨው ይኑር። ተቅማጥ ቢይዛት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ ቀስ እያለች እንድትጠጣ ስጧት። ማንኪያው ሳይቆለል ልክ ይሁን፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳል።

ሲነጋ

ቁርስ ቀለል ይበል። ጫማዋን እዩላት፤ አዲስ ጫማ ለረጅም መንገድ አይሆንም፣ ነጠላ ጫማም እንዲሁ። ልብስን በተመለከተ እናት ወይም ታላቅ እኅት ብቻዋን ወስዳ ትንገራት፣ አባት ፊት አይነሳ። ከጉልበት በላይ የሆነ ቁምጣ በገጠር መንገድ ዓይን ይስብባታል፤ ሰፋ ያለ ሱሪ ወይም ረዘም ያለ ቀሚስ ይመቻል፣ አንድ ነጠላ ወይም ሻሽ ከተጨመረ ለፀሐይም ለንፋስም ለአክብሮትም ይሆናል። ፀሐይዋን አትናቋት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ የአርሲ አየር ደግሞ ቀዝቃዛ ስለሆነ መቃጠሏን የምታውቀው ማታ ነው። ባርኔጣና ቅባት እንዳትረሳ አስታውሷት።

ሸክሙን ስታከፋፍሉ ለእሷም ስጡ። ቀላሉን አይደለም፣ የሚያስፈልገውን ስጧት፤ ጀበናውን ወይም የሲኒውን ዘንቢል። ሲኒ የተሰጠው ሰው እንዳይሰበር ሲጠነቀቅ ነው የሚውለው፣ ሁሉም በየመንገዱ «ሲኒው ደህና ነው?» እያለ ይጠይቃታል። በዚያ ቀን ከዚህ የተሻለ ከቤተሰቡ የሚያስገባት ኃላፊነት አላውቅም።

ቤት ለሚቀረው ሰው በየት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ተናግራችሁ ውጡ። ስልክ ሞልታችሁ ያዙ።

መንገድ ላይ

ከፊት የሚሄደው ቤተሰቡ ውስጥ ቀርፋፋው ይሁን። ፈጣኑ ወጣት ከፊት ሲመራ እንግዳዋ እሱን ለመከተል ስትል ትንፋሿ ይቆረጣል፣ «ደክሞኛል» ማለትም ታፍራለች። አያት ከፊት ከሆኑ ሁሉም በአያት እርምጃ ይሄዳል፣ ማንም አያፍርም። ራሷን ካዞራት ወይም ካቅለሸለሻት ተቀምጣችሁ ውሃ ትጠጣ፤ ካልተሻላት ዳገቱን ትታችሁ ውረዱ። ኮረብታው ነገም እዚያው ነው።

አገሩ የሯጮች አገር ነው፤ እሷም ሳትጠይቃችሁ አትቀርም። በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂ በኩል፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደግሞ ከአሰላ አቅራቢያ የወጡ ናቸው። ይህን ወሬ ለዳገቱ አስቀምጡት። ትንፋሽ ሲያጥራት «ኃይሌ እንዲህ ባለው መንገድ ነው ትምህርት ቤት እየሮጠ የተመላለሰው» ብትሏት ትስቃለች፣ መሳቅ ደግሞ ዕረፍት ነው።

ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ መከተላቸው አይቀርም። ልጆቹን ማባረር አያስፈልግም። ቆም ብላችሁ ስሟን ንገሯቸው፣ እሷም የእነሱን ስም አንድ በአንድ ትጠይቅ። ስም የተለዋወጡ ልጆች ከዚያ በኋላ በስሟ ነው የሚጠሯት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከተማ ውስጥ ስታልፍም እንዲሁ። ካራሜላም ብርም እንዳትሰጥ ምከሯት፤ አንድ ጊዜ የሰጠች እንደሆነ መንገዱ ላይ ሁልጊዜ የምትጠበቀው ለዚያ ነው። ትልልቆቹን «አካም» ብላ በኦሮምኛ ሰላም ካለች፣ ሲሰጧትም «ገለቶማ» ካለች፣ በሁሩታ ገጠር በር ሁሉ ይከፈትላታል።

ውሻ ካለበት ግቢ አጠገብ ስታልፉ ከእናንተ አንዱ በውሻውና በእሷ መካከል ይሁን። ቢነክሳት፣ ትንሽ ጭረት እንኳ ቢሆን፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፣ ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ጉዞው እዚያ ላይ ያበቃል፣ ማንም «ቀላል ነው» አይበል።

ሌላው ሳማ ነው። እኛ ሳናስበው እንሸሸዋለን፣ እሷ ግን እንደማንኛውም ቅጠል ታየዋለች፤ ጎንበስ ብላ ከመንካቷ በፊት አሳይዋት። አጋምና የዱር እንጆሪ ካገኛችሁ ደግሞ አቅምሷት፣ ግን እናንተ ያላወቃችሁትን ፍሬ ማንም አይቅመስ። ባሕር ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣ መሆኑን ነግራችሁ ኮሶውን፣ ጥዱን፣ ወይራውን፣ ዝግባውን ለይታችሁ አሳይዋት። ስማቸውን የማታውቁት ካለ አያትን ጠይቁ። ለልጆቻችሁም ትምህርት ነው፤ ከተማ ያደገ ልጅ የዛፍ ስም እየጠፋበት ነው፣ እንግዳ መጥቶ ካልጠየቀም ማንም አያነሳውም።

ሲንቄ የያዙ እናቶች በሰልፍ ሲመጡ ካገኛችሁ መንገድ ልቀቁ፣ ዳር ቆማችሁ አሳልፉ፣ ፎቶ አይነሳ። ያ በትር በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ያገባች ሴት ክብርና መብት ነው፤ ጉዳዩ ምን እንደሆነ እናቶች ራሳቸው ሊነግሯት ከፈለጉ ይነግሯታል። በአጠቃላይም ሰው ፎቶ ከመነሳቱ በፊት ይጠየቅ፤ አንደኛ ቀን ላይ ካላስለመዳችኋት ኋላ ለመንገር ይከብዳል።

ሽንት ቤት የሚለውን ጥያቄ እሷ አታነሳም፣ ታፍራለች። እኅት ወይም እናት አስቀድማ «እዚህ ቤት ሰው አለን፣ እንግባ» ትበላት።

ቡናና ጨዋታ

ማረፊያውን ጥላ ያለበት፣ ከማሳ የራቀ፣ ንፋስ የማይመታው ቦታ ምረጡ። ነጎድጓድ የሚሰማ ከሆነ ግን ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር አትቀመጡ፤ ወደ ዝቅታው ውረዱ።

ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ እንግዳዋ ተመልካች ናት። እዚህ ግን ሁሉም ሥራ አለው፤ አንዱ ድንጋይ ያመጣል፣ ሌላው ጭራሮ ይለቅማል፣ እሷ ትቁላ። ታሳርረው ይሆናል፤ ያረረውን ጠጥታችሁ ሁለተኛውን ዙር እንደገና ትቁላ። ጭሱን ለሽማግሌው ማዞር፣ አቦሉን ከታላቅ ጀምሮ ማደል፣ ቶናውን፣ በረካውን መጠበቅ፣ ይህን በዓይን ሳይሆን በእጅ የተማረ አይረሳውም። ስትነሱ እሳቱን ውሃ አፍስሳችሁ አፈር አልብሱት፤ በበጋ ሣሩ ደረቅ ነው፣ ዙሪያውም የሰው እህል።

ከቡናው በኋላ ስልኩን ሁሉም ያስቀምጥ። ቋንቋ ያልጠገበ ሰው ወሬ ሲበዛ ብቻውን ይቀራል፣ ጨዋታ ግን ብዙ ቃል አይፈልግም። ቅልልቦሽ አምስት ጠጠር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ አገሯ ውስጥ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ጨዋታ ተጫውታ አድጋ ይሆናል፣ ያኔ ሕጓን ታሳያችኋለች። ሰኞ ማክሰኞ መሬት ላይ በዱላ ይሠመራል። ለሱዚ አንድ ገመድ ይበቃል። ገበጣ የሚችሉ አባት ካሉ ጉድጓዱን መሬት ላይ ቆፍረው ጠጠር ይደርድሩ፤ ይህ ጨዋታ በመላ አፍሪካ በተለያየ ስም አለ፣ ከእንግዳችሁም መቁጠርን እንጂ መናገርን አይጠይቅም። አታሸንፏት ማለቴ አይደለም። አሸንፏት፤ ሆን ብሎ መሸነፍ ያስታውቃል፣ ከእንግዳነትም አያወጣትም።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልሽ» ሲሏት «ምን አውቅልህ» ብላ መመለስ በአምስት ደቂቃ ትማራለች። ሳታውቅ ስትቀር «አገር ስጪኝ» ትሏታላችሁ፣ እሷም የምትሰጠው የራሷን ከተማ ነው። እዚህ ላይ ልጆቹ ያቺን ከተማ ይጠይቃሉ፤ ምን ያህል ትልቅ ናት፣ ባሕር አላት ወይ፣ በረዶ ይወርዳል ወይ፣ እናትሽ እዚያ ናት ወይ። ተራው የእሷ ሲሆን የአገሯን እንቆቅልሽ በተሰባበረ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ለማቅረብ ትታገላለች፣ ሁሉም ቃል እያቀበለ ይረዳታል። ኦሮምኛ በሚነገርበት ቤት ሂቦ አለ፤ አካሄዱ የተቀራረበ ነው። ክፍል ውስጥ ያልገባት ግሥ እዚህ ሣር ላይ ተቀምጣ ሲገባት ታዩታላችሁ። አያቶች ቢተርቷት ደግሞ ቀስ ብለው ይተርቱ፣ ልጆቹ በእጃቸው እያሳዩ ያግዟት።

ትዝታ ከተነሳባት፣ ዝም ካለች፣ ዓይኗ ዕንባ ካቀረረ አትደናገጡ። ቤተሰብ ሲስቅ ያየ ሰው ቤተሰቡ ይናፍቀዋል። «ምን ሆነሽ?» ብሎ አሥር ሰው አይክበባት። አንዷ እናት አጠገቧ ትቀመጥ፣ ሥራ ትስጣት፣ ሲኒውን አብረው ይጠቡ።

ወንዝ ዳር

ወንዝ ካለ ልጆች መግባት ይፈልጋሉ። በክረምት፣ ሰማዩ እናንተ ጋ ጠርቶ እንኳ ከሆነ፣ ደጋ ላይ የዘነበው ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ወደ አዋሽ የሚወርደውን ከለታን የመሰሉ ወንዞች ምንጫቸው ከእናንተ በላይ ካለው ተራራ ነው። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ጭራሮና ቅጠል መሸከም ከጀመረ፣ ዕቃ ሳትሰበስቡ ወደ ከፍታው ውጡ። በበጋም ቢሆን እንግዳችሁን ቀስ ብሎ በሚሄድና በተኛ ውሃ ውስጥ እንድትዋኝ አታግባቧት፤ ቢልሃርዝያ የሚገኘው እንዲህ ባለው ውሃ ነው፣ ከላኳትም ሰዎች ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ይሆናል። ዳር ተቀምጦ ድንጋይ በውሃው ላይ የማስዘለል ውድድር ይበቃል።

ስትመለሱ

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ግቡ። ጅቡ አንድ ምክንያት ነው፣ ጭለማ ላይ ዳገት መውረድ ሁለተኛው።

ቤት ስትደርሱ የሞቀ ውሃ በሳፋ አቅርባችሁ እግሯን ትታጠብ። እናት እግሯን ልታጥባት ከፈለገች ልማዳችን ነውና ታጥባት፤ አስቀድማ ግን ትንገራት፣ ብዙዎቹ ይህን ሲያዩ ይደነግጣሉ፣ ታላቅ ሰው እግሬን ሊነካ ነው ብለው ይሳቀቃሉ። ውሃ የቋጠረ እግር አይፈንዳ፣ ይሸፈን። ጭቃ የነካ ጫማ በእሳት ዳር አይቀመጥ፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፤ ጋዜጣ ውስጡ ተጠቅጥቆ ጥላ ላይ ይደር።

በዚያ ምሽት ጎረቤት ሊጠይቃት ቢመጣ ወሬውን እሷ ትጀምር። በምታውቀው ቋንቋ ምን እንዳየች ታውራ፣ እናንተ የጎደለውን ሙሉላት። ቀድማችሁ ስለ እሷ አታውሩ።

በሚቀጥሉት ቀናት ሆዷን ከታመመች ወይም ትኩሳት ካላት «ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ለላካት ድርጅት ወዲያው ትደውል፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት። አሰላ ትልቅ ሆስፒታል አለ።

ፎቶዎቹን በተመለከተ፣ ከማሰራጨቷ በፊት በፎቶው ውስጥ ያሉትን ልጆች ወላጆች ትጠይቅ፤ የት እንደሚታይም ትንገራቸው። ከዚያ በኋላ ጥቂቶቹን ከተማ አሳጥባችሁ በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን በዚያው መንገድ ተመለሱና ለየባለቤቶቹ አድሉ። ያን ጊዜ እሷ ትምራችሁ።